መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ካርድ

ሆፌሽ ጋዶል ገባ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጁላይ 1 ጀምሮ እስከ ኦገስት መጨረሻ ቤት ናቸው። ካይታናው ቶሎ ያልቃል፤ የቂርያት ጋት ፀሐይ ከረፋዱ በኋላ ልጅ ደጅ አታስወጣም፤ ማዝጋኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ልጆቹም በቀን አሥር ጊዜ «ኢማ፣ ዛሬ የት እንሄዳለን?» ይላሉ። ታዲያ አንድ ቀን ይመረጥና፣ ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ ምግብና ውሃ ተቋጥሮ ወደ መዝናኛ ፓርክ ይኬዳል። ወይ ሪሾን ሌጽዮን ሱፐርላንድ፣ ወይ ቴል አቪቭ ሉና ፓርክ፣ ወይ ሆሎን ያሚት፣ ወይ ራማት ጋን ሳፋሪ። ለእኛ ለደቡቦቹ ሁሉም መንገድ ያስኬዳሉ። እዚያ ተደርሶ ደግሞ ወረፋው ይጠብቃል።

የዛሬው ዓምዴ ስለዚህ ወረፋ ነው። በተለይ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ የማይችል ልጅ ስላላቸው ቤተሰቦች ነው። በየቤታችን አሉ። በየሕንጻው፣ በየደረጃው አሉ። ግን ብዙ አናወራላቸውም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የራሴ እህት ታሪክ ነው፤ «ጻፊው፣ ለሌላው ይጥቀም» ብላኛለች።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። ቃላት ጥቂት ነው ያለው፤ የሚሽከረከር ነገር ግን ነፍሱ ነው። ትንሽ ሳለ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ እስኪያበቃ ድረስ ያይ ነበር። ባለፈው ዓመት ታዲያ እናቱ መሃል አገር ካለ አንድ ፓርክ ልትወስደው ቆረጠች። ፈረሶቹ ክብ የሚዞሩበትን መጫወቻ ፎቶ አትማ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችለት። ሳምንቱን ሙሉ በጣቱ እያሳየ «ሱስ፣ ሱስ» ሲል ከረመ። እኔም አብሬ ሄድኩ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ትልቋ ልጇም ነበረች።

ፈረሶቹ ጋ ስንደርስ ወረፋው እባብ ሠርቷል። ቆምን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ፀሐይ ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ከኋላ ያለው ሰው ይገፋል። ልጁ ጆሮውን ያዘ። እናቱ ውሃ ሰጠችው፣ አቀፈችው፣ ዘፈነችለት። ፈረሶቹን እያያቸው ነው፤ ግን አይደርስባቸውም። ለምን እንደማይደርስ ደግሞ ማንም ሊያስረዳው አይችልም። አርባ ደቂቃ ግድም ሲሆን፣ ከፊታችን ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲቀሩ፣ መሬት ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱን በእጁ መምታት ጀመረ። አንዲት ሴት በዕብራይስጥ «ልጅ ማሳደግ የማትችሉ ከሆነ ቤት ተቀመጡ» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ትልቋ ልጅ ቀስ ብላ ከእኛ ራቀችና የአይስክሬም መሸጫው ጋ እንደማታውቀን ሆና ቆመች።

ተሸክመነው ወጣን። ፈረሱን ሳይነካ። ለአራት ሰው ትኬት ተከፍሎ አንድ መጫወቻ ሳይሞከር።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ እህቴ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስባ አንድ ካርድ አወጣች። ቢቱዋህ ሌኡሚ በፖስታ የላከው የልጁ ቴኡዳት ናኼ ነው። ካርዱ ላይ ፕቶር ሚቶር፣ ማለትም ወረፋ ከመጠበቅ ነጻ መሆኑ ተጽፎበታል። ከመጣ ዓመት አልፎታል። ከኤሌክትሪክ ክፍያ ወረቀቶችና ከድሮ ቁልፎች ጋር ተቀምጦ ነበር።

«ምነው እህቴ፣ ለምን አልያዝሽውም?» አልኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «ያን ሁሉ ሰው አልፌ፣ ጥቁር ሴት ከነልጇ ቀድማ ስትገባ ምን ይሉኛል? ልጁን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንዳለበት ስናገር ልውል ነው?» አለችኝ።

ይህችን መልስ ሳስባት ከረምኩ። በእህቴ አልፈርድባትም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን።

መጠበቅ የሚያውቅ ሕዝብ

እኛ መጠበቅ እናውቃለን። ወላጆቻችን ኢየሩሳሌምን ስንት ትውልድ ጠበቁ። ሱዳን በረሃ መጠለያ ውስጥ የጠበቁ አሉ፤ በመንገድ የቀሩም አሉ። በ1991 በሜይ ወር፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ ወራት የጠበቀው ስንቱ ነው። ከዚያም በኋላ ጎንደር ላይ ዓመታት የጠበቁ፣ ዛሬም የሚጠብቁ ዘመዶች አሉን። ትዕግሥት ለእኛ ጨዋነት ነው። ሰው መቅደም ነውር ነው። ሽማግሌ ሳይቀመጥ አይቀመጥም፣ ታላቅ ሳይቆርስ አይቆረስም ተብለን ነው ያደግነው።

ይህ ጥሩ ባህል ነው፤ ልጆቻችንም ቢወርሱት ደስ ይለኛል። ግን አስተውሉ፤ በዚያው ባህላችን ታማሚ ይቀድማል፣ አራስ ትቀድማለች፣ ዓይነ ስውር እጁን ተይዞ ከፊት ይቀመጣል። «እሱን አስቀድሙት» ማለት እኮ ከእኛ አገር የመጣ ቃል ነው። የፕቶር ሚቶር ካርድ ያንኑ ነገር በሕግ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ልጁ መጠበቅ ስለማይወድ አይደለም፤ ልጅ ሆኖ መጠበቅ የሚወድ ማን አለ? መጠበቅ ስለማይችል ነው። ለሌላው ልጅ አርባ ደቂቃ መሰልቸት ነው። ለእሱ ግን ጩኸቱ፣ ሙቀቱና ግፊያው ተደማምረው አካሉ የማይሸከመው ነገር ይሆናል።

እዚህ ላይ «ደህና ይመስላል» የሚለውንም እናንሳ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ሁሉም አይቶ መንገድ ይለቅለታል። ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውሱንነት፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም ግን ፊት ላይ አይጻፉም። ስለዚህ ነው ካርዱ ያስፈለገው። እናትየው በሰው ፊት ስለ ልጇ ጓዳ ከምትዘረዝር ካርዱ ይናገርላት ተብሎ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በዚህ አገር የአካል ጉዳተኞች የእኩልነት መብት ሕግ የወጣው በ1998 ነው። በ2005 ስለ ነጊሹት፣ ማለትም ስለ ተደራሽነት፣ ሰፊ ምዕራፍ ተጨመረበት። በ2013 ደግሞ የአገልግሎት ተደራሽነት ደንቦቹ ወጡ። ወረፋ የመጠበቅ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ነው። ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ብቻ አይመለከትም። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የግል ቦታም፣ ሱቁም፣ ሲኒማውም፣ የመዝናኛ ፓርኩም ይገባበታል።

በአጭሩ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ቴኡዳት ናኼ ያለው ሁሉ ከወረፋ ነጻ አይደለም። ካርዱን አገላብጣችሁ እዩት። ፕቶር ሚቶር የሚል ካለበት መብቱ አለ። ከሌለበትና ልጃችሁ ከጉዳቱ የተነሳ መጠበቅ የማይችል ከሆነ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚን ጠይቁ። ስልካቸው *6050 ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ቅርንጫፋቸው ድረስ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የምታክማችሁን ኦቬዴት ሶሲያሊት «እርጂኝ» ማለትም ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ የአጃቢ ጉዳይ አለ፤ በዕብራይስጥ መላቬ ይሉታል። ብቻውን መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ካርዱ ላይ አጃቢ እንደሚያስፈልገው ይጻፋል። እንዲህ ያለ ካርድ ካለ አጃቢው በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት ቦታዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባል። እኛ ያን ቀን ለአራት ሰው ከፈልን ብያችሁ የለ? ለካስ ለአንዳችን መክፈል አልነበረብንም። ትኬት በኢንተርኔት ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ የአጃቢ ትኬት እንዴት እንደሚወሰድ ጠይቁ። ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛ፣ ነጻነቱ የልጁ ነው፤ የመላው ቤተሰብ አይደለም። እኛ ስንወጣ አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ይዘን ነው የምንወጣው። አሥር ሰው በአንድ ካርድ ከፊት ልግባ ቢል ጠብ ይነሳል፤ መነሣቱም አያስገርምም። ልጁና አንድ አጃቢ ይገባሉ። ወንድምና እህት አብረው ይግቡ ወይ የሚለውን ፓርኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በር ላይ የቆመው ወጣት ደግ ከሆነ ያስገባል፤ ካልሆነ ግን መብት ነው ብላችሁ አትጣሉ።

አራተኛ፣ ካርዱ ከደኅንነት ደንብ አያስቀድምም። መጫወቻው ቁመት ወይም የሰውነት አቋም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያ ለሁሉም ነው። ልጁ ቀበቶ አስሮ መቀመጥ የማይችልበት መጫወቻ ላይ «ካርድ አለን» ብሎ መጋፋት ልጁን ለአደጋ መስጠት ነው።

አምስተኛ፣ በበዓል ሰሞን፣ በፔሳሕም ሆነ በሱኮት፣ ካርድ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ሌላ ወረፋ ይሆናሉ። «ካርድ አለኝ» ማለት «ምንም አልጠብቅም» ማለት ላይሆን ይችላል። ልጁን ለዚህ አዘጋጁት።

ስድስተኛ፣ ይህ ነጻነት ሐኪም ቤት ያለውን ቀጠሮ አይመለከትም። ኩፓት ሆሊም በሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ካለ፣ ተራው በቀጠሮው ነው። ድንገተኛ ክፍልም ማን እንደሚቀድም የሚወስነው የሕመሙ ክብደት ነው። እዚያ ካርድ ይዞ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ካርዱን ማሳየት በቂ ነው

በሁለተኛው ጊዜ፣ ማለትም ከወር በኋላ፣ እህቴ ካርዱን ይዛ ሌላ ፓርክ ሄደች። እኔም አልቀረሁም። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ካርዱን ተቀብሎ ከፍ ባለ ድምፅ «ምን አለበት? ምንም አይመስልም እኮ» አለ። እህቴ ፊቷ ቀላ። ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ ያቺ ባለፈው አይስክሬም ጋ የተደበቀችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወደፊት ወጣችና ጥርት ባለ ዕብራይስጥ «ካርዱ ላይ ተጽፏል። ሌላ ነገር ልንነግርህ አይገባም» አለችው። ልጁ አፍሮ በሩን ከፈተ።

እኔ ያን ቀን የተማርኩት ይህን ነው፦ ካርዱን ማሳየት በቂ ነው። የልጃችሁን ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ታሪክ በወረፋ መሃል መናገር የለባችሁም። ከኋላ የቆመ ሰው ቢያጉረመርም ደግሞ «ሕጋዊ ካርድ አለው፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ማለፍ ይበቃል። ድምፃችሁን ከፍ ማድረግም፣ አንገት መድፋትም አያስፈልግም።

ስለ ልጅቷም ልናገር። ወንድሞችና እህቶች የሚሸከሙትን እኛ ብዙ ጊዜ አናይም። እሷ ያን ቀን የሸሸችው ወንድሟን ጠልታ አይደለም፤ የሰው ዓይን ፈርታ ነው። እናቷ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ስትደብቅ ልጅቷም መደበቅ ተማረች። እናቷ ካርዱን ስታወጣ ልጅቷም ወጣች። ልጆቻችን ከአፋችን ሳይሆን ከእጃችን ነው የሚማሩት።

ሌላው ዓለም ምን ገጠመው?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ የዲዝኒ ፓርኮች ለብዙ ዓመታት አካል ጉዳት ላለው ሰው ወረፋውን የሚያሳልፍ ካርድ ይሰጡ ነበር። በ2013 ሀብታም ቤተሰቦች አካል ጉዳተኛ ሰው በገንዘብ ቀጥረው አብሯቸው እየገባ ወረፋ ይዘላሉ የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዲዝኒ አሠራሩን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ወዲያው አይገባም፤ የወረፋውን ርዝመት የሚያህል የመመለሻ ሰዓት ይሰጠዋል፣ እስከዚያ ከወረፋው ውጭ ጥላ ስር መቀመጥ ወይም ምግብ መብላት ይችላል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች «ለልጆቻችን ይህ አይበቃም» ብለው ከሰሱ፤ በ2020 ፍሎሪዳ ያለ የፌዴራል ዳኛ ለዲዝኒ ፈረደ። በ2024 ደግሞ አገልግሎቱ ኦቲዝምና መሰል የእድገት ጉዳት ላላቸው ሰዎች እንዲሆን ተጠበበ፤ ሌላ ዓይነት ጉዳት ያላቸው ብዙ ሰዎች ቅር ተሰኙ።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ካርዱን ያለ አግባብ ሲጠቀሙበት ዋጋውን የሚከፍለው እውነተኛው ባለ ችግር ነው ለማለት ነው። በእኛም መሃል «የልጅሽን ካርድ ለአንድ ቀን አውሺኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አደራ፣ አታውሱ። ካርዱ የልጁ እግር ነው፤ እግር አይታዋስም።

ሌላው መንገድ ደግሞ አለ። በቴክሳስ፣ ሳን አንቶንዮ ከተማ ጎርደን ሃርትማን የተባለ አባት፣ ጉዳት ያለባት ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት ስትፈልግ ሲርቋት አይቶ፣ ሁሉም የሚጫወትበት ሞርጋንስ ወንደርላንድ የተባለ ፓርክ አሠራ። በ2010 ተከፈተ። አካል ጉዳት ያለው ሰው በነጻ ነው የሚገባው። እዚህ አገር ደግሞ ራዓናና ውስጥ በቤት ኢሲ ሻፒራ አነሳሽነት የተሠራው ፓርክ ሃቬሪም አለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውም፣ በእግሩ የሚሮጠውም ልጅ አብረው ይጫወቱበታል። መግቢያ ወረፋ የለውም። መንገዱ ከቂርያት ጋት ሩቅ ቢሆንም አንድ ቀን ቢሞከር አይቆጭም።

ቅርባችን ስላለውም አንርሳ። ቤት ጉቭሪን ለእኛ ጎረቤት ናት። ዋሻዎቹ ከ2014 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው። በሳምንቱ መሃል ጠዋት ቢኬድ የደወል ቅርጽ ያላቸው ዋሻዎች ውስጥ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ጩኸት ለሚከብደው ልጅ ከሮለር ኮስተር ይልቅ ይህ ሊሻለው ይችላል። ሁሉም ልጅ ፓርክ መውደድ የለበትም። አንዳንዴ ፓርኩን የምንፈልገው እኛ ነን፤ ፎቶ እንድንነሣ።

ከመውጣታችሁ በፊት

እኔና እህቴ ከስሕተታችን የተማርነውን ልንገራችሁ።

ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ወደ ፓርኩ ደውሉና ራካዝ ነጊሹት፣ ማለትም የተደራሽነት ተጠሪውን ጠይቁ። 25 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ይህን ሰው የመመደብ ግዴታ አለበት። «ካርድ ያለው ልጅ ይዘን እንመጣለን፤ የት በኩል ነው የምንገባው? ስንት ሰው አብሮት ይገባል? ጸጥ ያለ ቦታ አላችሁ?» በሏቸው። የነገረችሁን ሰው ስም ጻፉ። በር ላይ ችግር ቢነሳ ስሙን መጥራት ብዙ ይሠራል።

ካርዱን በቦርሳ ውስጥ ሳይሆን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ፕላስቲክ አድርጉት። ፎቶውንም በስልክ ያዙ፤ ግን ዋናውን አትርሱ። የልጁን የጆሮ መሸፈኛ፣ ኮፍያ፣ ውሃና የሚወደውን ትንሽ ነገር ያዙ። በር እንደተከፈተ ግቡ፤ ከቀትር በፊት ውጡ። መጫወቻዎቹን ሁሉ ለማዳረስ አትጣጣሩ። ሁለት ብቻ ምረጡ። ልጁ በደስታ ሳለ ቤት መመለስ ከሁሉ ይበልጣል።

ለሌሎቹ ልጆቻችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ወንድምሽ ከፊት የሚገባው ስለሚበልጥሽ አይደለም፤ አንቺ የምትችይውን እሱ ስለማይችል ነው» በሏቸው። ከቻላችሁ ለእነሱም የራሳቸው ሰዓት ስጧቸው።

መብቱ ካልተከበረ?

መጀመሪያ በጨዋ ቃል ሥራ አስኪያጁን ጥሩ። አብዛኛው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ነገር ያው በዚያው ቀን ጻፉ፤ ትኬቱን አትጣሉ። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ኮሚሽን አለ፤ በዕብራይስጥ ነጺቩት ሺቭዮን ይሉታል፤ አቤቱታ ይቀበላል። ቢዝኹት የተባለው የአካል ጉዳተኞች የሰብዓዊ መብት ድርጅትና የኦቲዝም ቤተሰቦች ማኅበር አሉት፣ ስለ መብት ያማክራሉ። «ሥራዬ ቆዳዬን አይተው ነው የከለከሉኝ» የሚል ጥርጣሬ ካደረባችሁ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የእኛን ማኅበረሰብ በሕግ ጉዳይ የሚረዳው ተበቃ አለ። ሕጉ እንዲህ ያለ በደል ሲደርስ ፍርድ ቤት ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልግ እስከ 50,000 ሼቅል ድረስ ካሣ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ መጠኑም ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል። ሁሉንም ወደ ፍርድ ቤት ውሰዱ አልልም። መብታችሁ ባዶ ቃል አለመሆኑን እንድታውቁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የልጅ ናኼ አበል እስከ 18 ዓመት ከ3 ወር ነው። ልጁ ሲያድግ አዲስ ማመልከቻ ይጠይቃል፤ ካርዱም እንዳይቋረጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ አያቶቻችን

ይህን ዓምድ ሳዘጋጅ አንዲት ጎረቤቴ «ለእናቴስ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ። ዕድሜው 80 የሞላ ሰው፣ ናኼ ባይሆንም፣ መታወቂያውን አሳይቶ በብዙ የሕዝብ አገልግሎት ወረፋ ሳይጠብቅ የመስተናገድ መብት በሕግ ተሰጥቶታል። ችግሩ የእኛ ሽማግሌዎች ዕድሜ ነው። ሲመጡ በግምት የተጻፈላቸው ብዙ ናቸው። እማማ በእውነቱ 84 ሆነው፣ ቴኡዳት ዜሁቱ 75 ይላል። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። እስከዚያ ድረስ እናታችሁ በእርጅና ጉልበታቸው ከደከመ፣ ወንበር ለመጠየቅ ዕድሜ መቁጠር አያስፈልግም። «እባክዎ፣ ወንበር አለ?» ብላችሁ ጠይቁላቸው።

ከቤታችን እንጀምር

የመጨረሻው ነገሬ ለፓርኮቹ አይደለም። ለእኛ ለራሳችን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ የተባለች እናት ኦቲዝም ያለበት ልጇን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏት፣ በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈተች። ሰው «እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው» ሲላት፣ ልጇን ደብቃ ሳይሆን ይዛ አደባባይ ወጣች። እሷ አርፋለች፤ የከፈተችው በር ግን ለብዙ ልጆች ተርፏል። እዚህ እስራኤል ያለን እኛስ? ሕጉ አለን፣ ካርዱ አለን፣ የሕፃናት እድገት ማዕከሉ አለን። ሆኖም «ቡዳ ነው»፣ «አብሾ ነው»፣ «እህቱ ባል አታገኝም» የሚል ሹክሹክታ ስንቱን ልጅ ቤት ዘግቶበታል። ምርመራ የሚዘገየው፣ ሕክምና የሚዘገየው፣ ካርዱም መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ነው።

በሠርጋችን፣ በተዝካራችን፣ በስግድ ላይ ወደ አርሞን ሃነጺቭ ስንወጣ፣ ምግብ ወረፋ ላይ አንዲት እናት የሚወራጭ ልጅ ይዛ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ወደ ጎን ታያላችሁ? ወይስ «ነይ እህቴ፣ ቅደሚ፤ እኔ ሳህኑን እይዝልሻለሁ» ትላላችሁ? ካርድ የሚጠየቀው የማያውቁን ሰዎች ዘንድ ነው። በእኛ መሃል ካርድ የሚያስፈልግ ከሆነ አንድ ነገር ጠፍቶብናል ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ፓርክ ፈረሱ ላይ ወጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዞረ። አልሳቀም፣ አልጮኸም፤ የፈረሱን አንገት አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ ዞረ። እህቱ ከጎኑ ቆማ ወገቡን ይዛው ነበር። ሲወርድ እናቱን በጣቱ ወደ ፈረሱ እያሳየ «ሱስ» አላት። ከዚያ እኛን ትቶ ወደ መውጫው ሄደ። በቃው። ቤት የገባነው ቀትር ሳይሆን ነው።

አሁን ተነሡና መሳቢያችሁን ክፈቱ። ካርዱ እዚያ ካለ ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ከሌለና ለልጃችሁ የሚገባው ከሆነ፣ ነገ ጠዋት *6050 ደውሉ። ጎረቤታችሁ ይህን ማንበብ ካልቻሉ ደግሞ ቡና ላይ አንብቡላቸው።

በሰላም ዋሉ፣ መልካም ሆፌሽ።